ሞተሩ ደህና የሆነ ቀን

እውነቱ ይነገር ከተባለ ሞተሩ ምንም አላጠፋም። ቁመቱ ከሰው ጉልበት የማያልፍ፣ ቀይ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው። ወንዝ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቆሞ ውሃ እየሳበ ኮረብታው ላይ ላለው ችግኝ ጣቢያ ያደርሳል። ጠዋት ገመዱን ሁለቴ ሲስቡት ይነሣል፤ አመል የለውም፣ አያኮርፍም። ሕመሙ የመጣው ከሰው እጅ ነው፤ በተለይ ከሚጡ።

ሚጡ የችግኝ ጣቢያው ባለቤት ብቸኛ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ የእያንዳንዱን መደብ ችግኝ ዓይነትና ዕድሜ በቃሏ ታውቃለች፤ ሠራተኞቹን በዓይኗ ብቻ ታዛለች። ሆኖም በሕፃንነቷ የወጣላት ስም አብሯት አድጎ አባቷም፣ ሹፌሩም፣ ሽማግሌው ዘበኛም «ሚጡ» ይሏታል። ዋሽታ አታውቅም ነበር። ስትጀምረው ደግሞ በካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ በሚያቀጣጥለው ትንሽ የሞተር ብረት፣ ጀመረችው።

ነገሩ የተጠነሰሰው ከስምንት ወር በፊት፣ መካኒኩ ሞተሩን ሊተክል የመጣ ዕለት ነው። ከታች ባለችው ከተማ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ያለው፣ ረጅም፣ ቁጥብ ወጣት ነው። የሚጡ አባት ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሰውን ግን በሁለት ይከፍሉታል፤ ሳሎን የሚገባና ግቢ የሚቆም። መካኒኩን ከበረንዳው ላይ አንዴ አዩትና «ወንዝ ዳር ውሰጂው» አሏት። ወሰደችው።

ሞተሩን አስነሥቶ ዓይኖቹን ጨፈነ። ሚጡ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲሠራ አይታ አታውቅም። ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ጎን ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ብሎን ላይ ካቻቢቴውን አሳርፎ በጣም በዝግታ አዞረው።

«ይስሙት» አላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ምኑን?»

«ወደ ቀኝ ሳጠብቃት ቤንዚን ያንሰዋል፤ ይርበዋል። ሰሙ? መንተባተብ ጀመረ። ወደ ግራ ሳላላት ደግሞ ይበዛበታል፤ ድምፁ ይከብዳል። ደህናው ቦታ በሁለቱ መካከል ነው። እስቲ እርስዎ ይፈልጉት።»

ካቻቢቴውን ሰጣት። እጃቸው እንኳ አልተነካካም፤ እጀታው ግን እሱ ከያዘው ሞቆ ነበር። ሚጡ ያንን ሙቀት ይዛ ዞረች፣ ዞረች፣ የሞተሩም ድምፅ በድንገት ጠርቶ እንደ መዝሙር ቀጥ ብሎ ወጣ። መካኒኩ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው ሞተሩን ሳይሆን እሷን ነበር። ያን ዕለት ማታ እራቷን ሳትቀምስ ተነሣች፤ አባቷም ጉንፋን ይዟት መሰላቸው።

*

የመጀመሪያው ካንዴላ በሐቅ ነው የጠቆረው። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲገባ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር። ሚጡ ካንዴላውን ፈትታ በወረቀት ጠቅልላ፣ ችግኝ ጭኖ ወደ ከተማ በሚወርደው ሹፌር እጅ ላከችለት። በሦስተኛው ቀን አዲስ ካንዴላና አንዲት ወረቀት መጡ።

«የተከበሩ እመቤት፣ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ደርሶኛል። ሞተሩ ከሚተነፍሰው አየር በላይ ቤንዚን እየጠጣ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ያስተካከልኩት በብርዱ ጊዜ ነው፤ አየር ሲሞቅ ደግሞ ይሳሳል። ብሎኗን ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ያጥብቋት። ከጥቂት ቀን በኋላ ካንዴላውን አውጥተው ሲያዩት ጫፉ የዳቦ ቅርፊት መልክ ከያዘ ሞተሩ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚን አንሶታል፤ ቶሎ ይጻፉልኝ። እርስዎ ያሉበት አየር እንዲህ መሞቁን አስቀድሜ ባለመገመቴ ይቅርታ።»

ከዚህ ውስጥ ፍቅሩ የቱ ጋ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሚጡንም ያው ጥያቄ አስጨንቋታል። ደጋግማ አነበበችው። «እርስዎ ያሉበት አየር» ከሚለው ላይ በደረሰች ቁጥር ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ይቀልጣል። ሰው የምትተነፍሰውን አየር አስቦላት አያውቅም።

እንደታዘዘችው ሩብ ዙር አጠበቀች። ሞተሩ ዳነ። ችግሩም ይኸው መዳኑ ነው፤ ደህና ለሆነ ሞተር ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ሦስት ሳምንት ሹፌሩ ባዶ እጁን ወረደ፣ ባዶ እጁን ወጣ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ ጉም ገና ከወንዙ ሳይነሣ፣ ሚጡ ካቻቢቴ በነጠላዋ ሸሽጋ ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ወረደች፤ እዚያ የሚያድሩት ሽማግሌው ዘበኛ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወጥተው ነበር። ብሎኗን ወደ ግራ አላላቻት። ከንፈሯ ፈገግ ብሏል።

«ሞተሩ እንደገና ታሟል» ብላ ጻፈች። «ጭሱ ጥቁር ነው። እኔ ግን ደህና ነኝ።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሁለቴ ሰርዛ ሁለቴ መልሳ ነው የጻፈቻት።

«እርስዎ ደህና መሆንዎን ስሰማ ስለ ሞተሩ መጨነቅ ነበረብኝ፤ አልተጨነቅሁም» ሲል መለሰላት። ወር ሳይሞላ ብሎኗን ደግማ አላላች፤ ካንዴላውም ለሦስተኛ ጊዜ ጠቆረ። ያኔ የመጣው ደብዳቤ ላይ «እርስዎ» ቀርቶ ነበር። «ከሱቄ በር ላይ ሆኜ ኮረብታሽን አየዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው የችግኞችሽ ላስቲክ ያበራል። ሥራ ሲቀንስ ወጥቼ እቆማለሁ። ሥራ ሲበዛም ወጥቼ እቆማለሁ።»

ሚጡ ያን ሰሞን የምትራመደው መሬት ላይ አልነበረም። ችግኝ ስታጠጣ ውሃው ከመደብ አልፎ መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ ሠራተኞቹ ይጠቃቀሳሉ፤ እሷ አትሰማም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላስቲኩን ሲመታው ወጥታ መሐል ግቢ ትቆማለች። ከዚያ ርቀት ሰው ሰውን እንደማያይ ታውቃለች። ፀጉሯን ግን ታስተካክላለች።

*

አራተኛው ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ሚጡ ብሎኗን ባላላች በሳምንቱ ደረቅ ነፋስ ገባ፤ ሞተሩም ጨርሶ እምቢ አለ። ደንግጣ ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለሰች፤ ካንዴላውን በቤንዚን አጠበች፣ በብሩሽ ፈተገች። ሞተሩ አንዴ አገሳና ጸጥ አለ። ያላት ምርጫ ካንዴላውን ልኮ መጠበቅ ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ ሁለት ቀን ሙሉ ከወንዝ በባልዲ ተሸከሙ፤ አልደረሱም። ሦስት መደብ የብርቱካን ችግኝ ከነቅጠሉ ተኮራመተ።

አባቷ ከደረቁት አንዷን ከነሥሯ ነቅለው መዳፋቸው ላይ ይዘዋት አፈሩን ቀስ ብለው ከሥሯ አራገፉ። ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ ካንዴላና ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ። ደብዳቤው ለእሷ አልነበረም።

«ለችግኝ ጣቢያው ባለቤት። አሁን የጠቆረው ካንዴላ ለዚህ ሞተር ትክክለኛው ነበር፤ የጫፉንም ክፍተት ራሴ ለክቼ ነው የላክሁት። እንዲህ ሊጠቁር አይችልም። ብሎኗን ሆን ብሎ የሚያላላ እጅ አለ። ሐሙስ ጠዋት መጥቼ አጣራለሁ። ሞተሩ ጋ የሚደርስ ሰው ሁሉ ይገኝ።»

አባቷ ጮክ ብለው አነበቡት። ሚጡ ወረቀቱን ተቀብላ ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። እሷን የሚመለከት አንዲት ቃል የለም። ሰማይ ተደፋባት። ካንዴላ አይቶ የሞተርን ሆድ የሚያውቅ ሰው የእሷንም ሆድ አውቆባታል፤ አሁን ሰው ሰብስቦ ሊያዋርዳት ይመጣል።

አባቷ ግን ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነበር። «ሞተሩ ጋ የሚያድረው ማን ነው? ዘበኛው ነው። ጠዋት የሚያስነሣው ማን ነው? ዘበኛው። ሐሙስ ይጣራና በዚያው ይሸኛል።»

«አባዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮን የኖረ ሰው!»

«ለዚያ ነዋ የሚያናድደኝ።»

ሽማግሌው ዘበኛ ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሳቸው። ሚጡ ስትወርድ ከቆርቆሮዋ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ብርድ ልብሳቸውን ያጥፋሉ፤ ያጥፉትና መልሰው ይዘረጉታል።

«ብሎን ብሎን ይላሉ» አሏት። «እኔ እኮ ሚጡዬ፣ ብሎኗ በየት በኩል እንዳለች እንኳ አላውቅም። ብትነግሪኝም በዚህ ዓይኔ መች አያታለሁ? ወይስ በተኛሁበት እየተነሣሁ ነው የምነካካው?»

ይህን ያሉት ለማሳቅ ነው። ሚጡ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ብትናገር አባቷ በምን ዓይን ያዩአታል? እሱስ? ብርድ ልብሱን በአንድ ጫፍ ይዛ አብራቸው አጠፈች፣ ቀና ብላ ግን ልታያቸው አልቻለችም።

*

ሐሙስ ጠዋት መካኒኩ ከጭነት መኪናው ወረደ። ስምንት ወር ሙሉ በልቧ ስትስለው የኖረችው ፊት ከስቷል፤ ጺሙም አልተላጨም። «እንደምን አደራችሁ» አለ ለሁሉም። ወደ እሷ ዞሮ «እርስዎስ ደህና ነዎት?» አላት። ያቺ «እርስዎ» ከብርዱ ጊዜ ይልቅ ቀዘቀዘች።

አባቷ፣ ዘበኛው፣ ሹፌሩና ሚጡ ሞተሩን ከበው ቆሙ። መካኒኩ አንድ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ አራቱን ጥቁር ካንዴላዎች ደረደራቸው። አንዱንም አልጣለም ነበር።

ተንበርክኮ ካርቡሬተሩን መረመረ። «ብሎኗ ራስ ላይ አዲስ ጭረት አለ» አለ። «ብዙ ጊዜ ተነክታለች። የነካት ሰው ደግሞ አላዋቂ አይደለም፤ ወደየት እንደምትዞር በደንብ ያውቃል።» ቀና ሲል ድምፁ ተለወጠ። «እዚህ ሌላ መካኒክ ይመጣል?»

ጥያቄው ለአባቷ ነበር፤ ዓይኑ ግን ሚጡ ላይ ነው። በዚያ ዓይን ውስጥ ቁጣ ስትፈልግ ያገኘችው ሌላ ነገር ነው። ቅናት ነው። ይኼ ሰው ምንም አላወቀም! ከአንድ ሌላ ወንድ ጋር ሊጣላ ነው ኮረብታ የወጣው። ያ ወንድ ደግሞ የለም።

«ምን ሌላ መካኒክ አለ?» አሉ አባቷ። «ከዚህ ሰውዬ በቀር ማንም አይደርስበትም።» ወደ ዘበኛው ዞሩ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አምኜህ! በል ቁልፉን አስረክብና ዕቃህን ጠቅልል።»

ሽማግሌው አልተከራከሩም። እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰድደው የቆርቆሮዋን ቤት ቁልፍ የያዘውን ክር በጭንቅላታቸው በኩል ማውጣት ጀመሩ። ክሩ ጆሯቸው ላይ ያዘ።

«እኔ ነኝ!» አለች ሚጡ።

«ምን አልሽ?» አሉ አባቷ።

«እኔ ነኝ ያላላሁት። ሦስት ጊዜ። እኚህ አባባ ምንም አያውቁም፤ ቁልፋቸውን ይተዉላቸው።» የውሃውን ቱቦ ተደገፈች። «ችግኞቹንም የገደልኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ይሆናል ብዬ አይደለም አባዬ። ትንሽ እንዲጨስ ብዬ ነው።»

«እንዲጨስ? ለምን?»

ከዚህ ወዲያ የሚደበቅ ነገር አልነበራትም። መካኒኩን ፊት ለፊት አየችው። «ሞተሩ ደህና ሲሆን ደብዳቤ አይመጣማ! ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ እኔ ልሞት ደረስኩ። ምን ብዬ ልጻፍልህ? ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም፣ ግን ጻፍልኝ ልበል? አንተ የምትጽፈው ለታመመ ሞተር ነው። ለእኔ ጻፍልኝ ማለት አፈርኩ።»

ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም አያውቅም። መካኒኩ ግን ከተንበረከከበት መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ሦስተኛውን አንሺው» አላት በዝግታ። «ሦስተኛውን ካንዴላ። አራተኛው ጎን አድርገሽ እዪው።»

አነሣችው። በመልክ አንድ ናቸው፤ ጥርሳቸውም ቁመታቸውም እኩል ነው። አንገታቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ብቻ ይለያያል።

«እሱ ቀዝቃዛ ካንዴላ ነው» አለ። «ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፤ የሚሠራው ለትልቅ፣ ብዙ ለሚግል ሞተር ነው። እንደዚህ ያለ ትንሽ ሞተር ላይ ሲገባ ጥላሸቱን ማቃጠል ያቅተዋል፤ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ይህን ደግሞ ሥራው ውስጥ የገባ ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን…»

«አውቄ ነው የላክሁልሽ። ቶሎ ጠቁሮ እንዲመለስ። አንቺ ደህና ነኝ ብለሽ የጻፍሽልኝ ጊዜ ራሴን መግዛት አቃተኝ።» አንገቱን ደፋ። «ኋላ ኅሊናዬ ወቀሰኝ፤ በሥራዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። አራተኛውን ትክክለኛውን መርጬ፣ ክፍተቱን ለክቼ፣ ከእንግዲህ ደብዳቤ ባይመጣ ይቅር ብዬ ላክሁ። ሲጠቁር አበድኩ። እኔ ካላጠቆርኩት ሌላ ሰው አለ፤ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ሞተሩ ዘንድ የሚቆም፣ በየቀኑ የሚያይሽ ነው አልኩ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም።»

ሚጡ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እሱም አፉን በቀኝ እጁ ሸፈነ። ለወራት ሁለቱም አንድን ምስኪን ሞተር ከሁለት በኩል ሲያሳምሙት ኖረዋል። ዓለም ሁሉ ቢሰበሰብና ቢስቅባቸው ያን ጊዜ ግድ አልነበራትም። ተወድዳ ነበር፤ ሳታውቅ፣ በጥላሸት ተጠቅልሎ በደረሳት ነገር ሁሉ ውስጥ ተወድዳ ነበር።

«ሁለታችሁም!» የአባቷ ድምፅ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። «ሦስት መደብ ብርቱካን! እኔ ሰው እወነጅላለሁ፣ እናንተ…» ወደ ዘበኛው ዞሩ። ጠጋ ብለው ሽማግሌው ጆሮ ላይ የተንጠለጠለውን ክር በራሳቸው እጅ ወደ ሽማግሌው አንገት መለሱት። «ይቅር በለኝ» አሉ፣ ወንዙን እያዩ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ገዶኝ» አሉ ሽማግሌው። «እኔስ ሌሊት ተነሥቼ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር።»

አባቷ ወደ መካኒኩ ዞሩ። «አንተ፣ አሁን ይህን ሞተር አስተካክል። በሙያህ ልክ። ዓመት ሙሉ ማንም እንዳይነካው አድርገህ!»

መካኒኩ ተነሣ። ትክክለኛውን ካንዴላ መረጠ፤ ስስ የብረት መለኪያውን በጫፉ መሐል አሳልፎ ክፍተቱን ለካ፤ በእጁ አስገብቶ በመፍቻ ለስለስ አድርጎ አጠበቀው። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ሲሞቅ ጠብቆ ካቻቢቴውን ብሎኗ ላይ አሳረፈ፤ እንደዚያን ቀኑ ዓይኖቹን ጨፈነ።

ሚጡም ጨፈነች። ወደ ቀኝ ሲያጠብቀው ተንተባተበ፤ ወደ ግራ ሲያላላው ከበደ፤ እንደገና ወደ ቀኝ፣ እያነሰ፣ እያነሰ መጣ። በልቧ ትንሽ እንዲሳሳት ለመነችው። ለፀጉር ያህል። ለአንዲት ደብዳቤ የሚበቃ ያህል። እሱ ግን ከእንግዲህ በሥራው አያጭበረብርም፤ የሞተሩ ድምፅ ጠራ፣ ቀጥ አለ፣ ኮረብታውን ይዞ ወጣ። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ እንዲህ ልቧን የሰበረም ድምፅ የለም። ከዚያ ቀለም አውጥቶ ብሎኗ ራስ ላይ አንዲት ጠብታ አኖረ። ማንም ቢያዞራት ቀለሙ ተሰንጥቆ ያጋልጠዋል። ሚጡ ጠብታዋ ስትደርቅ ቆማ አየች።

«ዓመት ድረስ አይበላሽም?» አሉ አባቷ።

«አይበላሽም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እዚህ የሚያመጣህ ምክንያት የለም ማለት ነው።»

መካኒኩ እጁን በጨርቁ ጠረገ። ጣት በጣት፣ ሳይቸኩል ጠረገ። ሚጡን አያት፤ ከዚያ ቀና ብሎ አባቷን አያቸው።

«የለም» አለ። «እሑድ ያለ ምክንያት እመጣለሁ።»

ውሃው በቱቦው ውስጥ እየተንሿሿ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሠራተኞቹ «መጣ! መጣ!» ሲሉ ይሰማል። አባቷ ፊታቸውን ወደዚያ ጩኸት አዞሩ። ልጃቸውን አዩ፤ ቱቦውን እንደተደገፈች ናት፤ ጉንጯ ረጥቧል፤ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አላሸሸችም።

«እሑድ እኮ ሞተር አናስነሣም» አሉ በመጨረሻ፣ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር ባልለየለት ድምፅ።

«ደህና ነዋ» አለ መካኒኩ። «ስንነጋገር እንሰማማለን።»

አባቷ ዱላቸውን አንሥተው ዳገቱን ተያያዙት። እምቢ አላሉም። ሚጡ እርምጃቸውን አንድ ሁለት እያለች ቆጠረች፤ አሁን ይመለሳሉ፣ አሁን ይጮሃሉ ስትል አልተመለሱም። ሞተሩ አጠገቧ ደህና ሆኖ ይሠራል። በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤናው አላስፈራትም፤ ዕድሜ ልኩን እንዲህ እንዲሆን ከልቧ ተመኘችለት።